ካስገቡት በላይ የሚሰጥ ዕቁብ

ዕቁብ ሲደርስ ቤት ውስጥ ዕቅድ ይበዛል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ ፍሪጁ ከተበላሸ ከርሟል፤ ባል የመኪናውን ጎማ ያስባል፤ ሚስት ደግሞ «ይህ ብር እንደ አምናው ሳይበታተን አንድ ነገር ልጀምርበት» ትላለች። ቤት ሆኖ፣ በእጅ ስልክ፣ ከልጆች ሳይርቁ የሚሠራ ነገር።

ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ በዚያው ሳምንት ሁለት ምክር መምጣቱ ነው። አንዱ የምራቷ ነው፤ «በርበሬሽን የቀመሰ ሁሉ ከየት ገዛሽው እያለ ይጠይቀኛል፤ ለምን በቴሌግራም አትሸጪም?» ሌላው ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ የተላለፈላት መልእክት ነው፤ «በቀን 3 በመቶ ትርፍ! ቪዲዮ ላይክ በማድረግ ብቻ! ገንዘብዎን በፈለጉ ጊዜ ያወጣሉ!» ከመልእክቱ ግርጌ «ዘመናዊ ዲጂታል ዕቁብ» የሚል ጽሑፍ አለ።

የደረሳት ዕቁብ 60,000 ብር ነው እንበል። ሁለቱንም ምክሮች እስከ መጨረሻቸው እንከተላቸው።

ከስሙ እንጀምር። ዕቁብን የማያውቅ የለም። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ፤ በየወሩ 60,000 ብር ለአንዱ ይወጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ የጣለውን ያህል ወስዷል። መጀመሪያ የወጣለት ወለድ የሌለው ብድር አገኘ፤ መጨረሻ የወጣለት ጓደኞቹን እያፈረ ቆጠበ። የማንም ብር ግን አልወለደም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ የቆሙት ሰው በልቶ እንዳይቀር እንጂ ገንዘቡ እንዲያድግ አይደለም። እንግዲህ ካስገቡት በላይ እሰጣለሁ የሚል ዕቁብ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ነገር አንድ ነው፤ ትርፉ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው?

የበርበሬዋን ባለቤት ብንጠይቃት መልሷ ቀላል ነው፤ ወጥ ሊሠራ ከፈለገ ሰው ኪስ ነው። ላይክ የሚያስደርገው «ድርጅት» ግን ማን ይከፍለዋል? በኢንተርኔት ላይክ የሚሸጥና የሚገዛ መኖሩ እውነት ነው፤ ዋጋው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የ60,000 ብር 3 በመቶ 1,800 ብር ነው። ለአንዲት እናት የአንድ ቀን ላይክ 1,800 ብር የሚከፍል ነጋዴ የለም። ደግሞም እውነተኛ ሥራ ቢሆን ክፍያው በሠራችው መጠን እንጂ ባስቀመጠችው ገንዘብ መጠን ለምን ይሰላል?

ትርፉን ሳታወጣ ብትተወው ደግሞ 60,000 ብሩ በ24 ቀን ከ120,000 ብር ያልፋል። በዓመቱ ወደ 2.9 ቢሊዮን ብር ይደርሳል። በስልክዎ ላይ ባለው ካልኩሌተር መሞከር ይችላሉ። እንዲህ የሚያተርፍ ነገር በእጁ ያለ ሰው የእርሷን የዕቁብ ብር ለመለመን ቴሌግራም ላይ አያድርም።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1920 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ከብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ሰበሰበ። ዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን አንድ አገር ገዝቼ ሌላ አገር እመነዝራለሁ ይል ነበር። እውነቱ ግን የትናንቱን ሰው በዛሬው ሰው ብር መክፈሉ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ተያዘ። ከገንዘብ ሰጪዎቹ ብዙዎቹ እንደ እርሱ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ይህ ነገር ሁልጊዜ የሚተላለፈው በቅርብ ሰው ነው፤ በአክስት፣ በማኅበር ጓደኛ፣ በልጅ ክፍል ወላጆች ግሩፕ። እንግዳ ሰው ቢነግረን ኖሮ አንሰማም ነበር።

«አምስት ሰው አምጡ» የሚለውን ደግሞ በቁጥር እንየው። አንዱ አምስት፣ አምስቱ ሃያ አምስት፣ ከዚያ 125፣ 625፣ 3,125 እያለ ይሄዳል። አሥረኛው ዙር ላይ ከ9.7 ሚሊዮን በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ከ244 ሚሊዮን በላይ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ የለም። ሰው ባለቀበት ዙር ላይ የገቡት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ገንዘባቸውን አያገኙም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን የከለከለውም ለዚህ ነው። «እኔ እንኳ ሰው ብቻ ነው ያመጣሁት» የሚለው መከላከያ በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ይቅርና፣ በቤተ ዘመድ ፊት ጨርሶ አያዋጣም።

አሠራሩን በዝርዝር ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሲጀምር እውነት ነው የሚመስለው። ሰላምታ የምታቀርበው «አስተባባሪ» ፎቶዋ ያምራል፤ አማርኛዋ ግን በማሽን የተተረጎመ ይመስላል። ሦስት ቪዲዮ ላይክ አድርገው ስክሪንሾት ይልካሉ፤ 150 ብር በቴሌብር ይገባል። የምር ብር ነው፤ ዳቦ ይገዛል። ከዚያ «ደረጃ» ይመጣል፤ ቪአይፒ 1 በ3,000 ብር፣ ቪአይፒ 2 በ10,000 ብር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትርፉ ይወጣል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የነገረቻት። ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሚከፈለው ብር የአጭበርባሪው የማስታወቂያ ወጪ ነው።

ብሩ የሚላክበት ስም ይቀያየራል፤ ዛሬ ለአንድ ግለሰብ፣ ነገ ለሌላ። አንድ ቀን መተግበሪያው ላይ 140,000 ብር ይታያል። ለማውጣት ሲሞከር «የ15 በመቶ ግብር አስቀድመው ይክፈሉ» ይላል። ከ140,000 ብሩ ላይ መቀነስ ሲቻል ለምን አዲስ 21,000 ብር ይጠየቃል? ይህን በእርጋታ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ሁለተኛውን ኪሳራ ያመልጣል። ነገር ግን የዕቁብ ብሯ እዚያ ውስጥ የተያዘባት ሰው እርጋታ የላትም፤ ከእህቷ ተበድራ 21,000 ብሩን ትልካለች። በሳምንቱ ግሩፑ ይዘጋል።

ብዙ ጥንቁቅ ሰዎችን የሚያታልል ሌላም ነገር አለ፤ የንግድ ፈቃድ ፎቶ። «ሕጋዊ ነን» ብለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ያሳያሉ። ወረቀቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን ምን ላይ የተሰጠ ነው? ዕቃ ለማስመጣት ወይም የማማከር ሥራ ለመሥራት የወጣ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አይሆንም። ተቀማጭ የሚሰበስብ ተቋም ፈቃዱን የሚያገኘው ከብሔራዊ ባንክ ነው። አክሲዮንና መሰል የኢንቨስትመንት ሰነድ ለሕዝብ የሚያቀርብ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ በተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሥር ነው። ማረጋገጫውን ከሻጩ ስልክ ሳይሆን ከፈቃድ ሰጪው መጠየቅ ነው። በክሪፕቶ የሚመጣውም ከዚህ አይለይም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕዝቡን ማስጠንቀቁ ይታወሳል።

አሁን ወደ በርበሬው እንምጣ።

የመጀመሪያው ምክር 60,000 ብሩን በሙሉ አለማውጣት ነው። ለመጀመሪያ ዙር 10 ኪሎ ዛላ በርበሬ ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ እርስዎ የሰፈርዎን ዋጋ ይተኩባቸው። ዛላው በኪሎ 600 ሒሳብ 6,000 ብር፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ 2,200 ብር፤ ወፍጮ 300፤ ማሸጊያና የስም ወረቀት 500፤ ትራንስፖርት 600። ድምሩ 9,600 ብር። ሁለት ቀን የምትቀነጥስና የምትደልዝ ረዳት ሲኖር 1,000 ብር ይጨመራል። 10,600 ብር ሆነ። ሲቀነጠስ የሚጎድለውና ቅመሙ የሚጨምረው ተቻችሎ 10 ኪሎ ቢወጣ፣ አንዱ ኪሎ 1,060 ብር ፈጅቷል ማለት ነው።

በ1,300 ብር ብትሸጠው በኪሎ 240፣ በዙር 2,400 ብር ይተርፋል። የእርሷ የራሷ ጉልበት ገና አልታሰበም። ጓደኛዋ «ለእኔማ 1,100 አድርጊልኝ» ካለቻት 40 ብር ቀረ። ከሦስት ኪሎ አንዱን ለአማት በነፃ ከላከች ከስራለች፤ (ለአማት መላክ አይቅር፤ ከቤት ወጪ ይቆጠር እንጂ ከንግዱ አይሁን።) የቤት ውስጥ ንግድ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ደንበኛ ጠፍቶ ሳይሆን ይህ ስሌት ሳይጻፍ ቀርቶ ነው። ደብተር ይያዝ። የንግዱ ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ከአስቤዛው ይለይ፤ አለበለዚያ የበርበሬው ብር የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሲሞላ ማንም ሳያየው ያልቃል።

አዎ፣ 2,400 ብር በቀን 1,800 ከሚለው ተስፋ አጠገብ ሲቆም ያሳፍራል። እኛ ግን ይህን ቁጥር ከሌላው የምናምነው በትንሽነቱ ነው። ከየት እንደመጣ እያንዳንዱን ብር ማሳየት ይቻላል። ቢከስር ደግሞ ከ10,600 ብር በላይ አይከስርም፤ እሱም ቢሆን ጓዳ ውስጥ ወጥ የሚሠራበት በርበሬ ሆኖ ይቀራል።

የሚሸጠው በርበሬ ብቻ አይደለም፤ መተማመን ነው። የተፈጨ በርበሬ ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና የሰማ ገዢ ከማያውቀው ሰው መግዛት ይፈራል። ዛላው ሲቀነጠስ፣ ሲሰጣ፣ ወፍጮ ቤት ሲገባ በስልክ ተቀርጾ ቻናሉ ላይ ቢወጣ ከየትኛውም የተከፈለበት ማስታወቂያ ይበልጣል። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በክረምት ለመቸኮል አያስደፍርም። በቪዲዮው ውስጥ ግን የልጆች ፊት፣ የግቢው በርና የቤት ቁጥሩ አይታዩ። ዕቃ ማስረከቢያው ሁሉም የሚያውቀው አደባባይ ወይም ሱቅ ይሁን።

ገንዘብ መቀበል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሐቀኛ ሻጮች የሚታለሉት እዚህ ነውና። ገዢው «ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት ይልካል፤ ሞተረኛው በር ላይ ቆሟል፤ «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ጉዞ አለኝ» ይላል። የክፍያ ስክሪንሾት በጥቂት ደቂቃ ተቀናብሮ ሊሠራ ይችላል፤ እውነተኛውን የሚመስል ደረሰኝ የሚያወጡ የሐሰት መተግበሪያዎችም አሉ። ሻጭ የሚያምነው የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ያየውን ቀሪ ብቻ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው ይቆያል። ይህን አስቀድሞ ቻናሉ ላይ መጻፍ ክርክር ይቀንሳል፤ «ዕቃ የሚወጣው ክፍያው ሒሳባችን ላይ ሲታይ ነው» የሚል አንድ መስመር ማንንም አያስቀይምም።

«ተሳስቼ 4,000 ብር ልኬብዎታለሁ፤ እባክዎ ይመልሱልኝ፣ እናቴ ሆስፒታል ናት» የሚል ስልክም ይመጣል፤ ከሐሰተኛ የጽሑፍ መልእክት ጋር። ቀሪዎን ይዩ። ብሩ አልገባም ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ወደተባለው ስልክ ራስዎ አይላኩ፤ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ደውለው በእነርሱ በኩል እንዲመለስ ያድርጉ። የይለፍ ቁጥርንና በመልእክት የሚመጣ ማረጋገጫ ኮድን የሚጠይቅ ደዋይ፣ ራሱን የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ ሌባ ነው። በዚህ ላይ ልዩ ሁኔታ የለም። እናትና አባትም ይህን ይወቁት፤ ለሽምግልና የደረሱ ወላጆች ስልኩን ለልጅ ልጅ ሰጥተው ኮዱን ጮክ ብለው የሚያነቡበት ቤት ብዙ ነው።

ሒሳብ ማከራየትም ሥራ ሆኖ እየቀረበ ነው። «ብር በሒሳብህ ይገባል፤ አንተ 5 በመቶ አስቀርተህ ወደዚህ ትልካለህ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጆቻችን ናቸው። ያ ብር ከላይ ያየናት እናት ዕቁብ ነው። ስሙ የተቀያየረው ለዚህ ነበር። ፖሊስ ሲመጣ የሚያገኘው ስም የልጁ ነው።

በኢንተርኔት ሙያ ሸጦ ማደር ይቻላል ወይ ለሚሉ፣ አዎ፤ ተርጓሚዎች፣ ግራፊክስ ሠሪዎች፣ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው ለውጭ ደንበኛ ይሠራሉ። አፕወርክና ፋይቨርን የመሳሰሉ ገበያዎች የደንበኛውን ክፍያ ይዘው ሥራው ሲያልቅ ይለቃሉ፤ ፋይቨር ከሠሪው ገቢ 20 በመቶ ይወስዳል። ብዙ ነው ብለው «በቴሌግራም እንጨራረስ» የሚል ደንበኛን ተከትለው የወጡ ሰዎች ጥበቃውንም ትተው ነው የሚወጡት። «እውነተኛ ሥራ አስቀድሞ ክፈል አይልም» የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ትንሽ ይላላል፤ አፕወርክ ለሥራ ለማመልከት ጥቂት ሳንቲም የሚያስከፍልበት ነጥብ አለው። ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ ደግሞም ያንን በመክፈልዎ ትርፍ አገኛለሁ የሚል ቃል የለም። ሙያው ለሌለው ልጅ ከሚወራው የ15,000 ብር «የፎሬክስ ኮርስ» በፊት በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና አለ፤ ነፃ ነው፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ወዲያው ገቢ ያመጣል ብለን አንዋሽም፤ ወራት ይፈጃል።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላስ? የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ ሌባው ብሩን አውጥቶ ሳይጨርስ ለቴሌብር ወይም ለባንኩ ደውሎ የተላከበትን ቁጥር ማስያዝ። ቀጥሎ ፖሊስ። ግሩፑ ከመዘጋቱ በፊት ንግግሩን፣ የስልክ ቁጥሮቹንና የደረሰኝ ቁጥሮቹን ማስቀመጥ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ «በቴሌግራም የተባለ ነገር ምን ማስረጃ ይሆናል» ብሎ መተው አይገባም። ከዚያ በኋላ «የተበላ ገንዘብዎን እናስመልሳለን፤ 5,000 ብር ለሥራ ማስኬጃ» የሚል ሰው ይመጣል። የተጎጂዎቹን ዝርዝር ከየት እንዳገኘው ያስቡት።

ከሁሉ የሚከብደው ለባል ወይም ለሚስት መናገሩ ነው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ጉድጓዱን በሌላ ብድር ሊሞላ ይሞክራል፤ 21,000 ብሩ የተላከው በዚህ ምክንያት ነው። የሰማው ወገን በመጀመሪያው ሌሊት «ነግሬሽ ነበር» ባይል ጥሩ ነው። ንግግሩ ለነገ ይደርሳል፤ ስልኩ ግን አሁኑኑ መደወል አለበት።

በበርበሬው የቀጠለችው እናት ሦስትና አራት ዙር ሸጣ ደንበኛ ከያዘች፣ ነገሩ ከጓዳ ሥራ ወደ ንግድ ተሸጋግሯል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ምግብ ስለሆነም ከሚመለከተው ተቆጣጣሪ የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ ይከተላሉ። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድምና በኦንላይን የሚያልቀው የቱ እንደሆነ በሚቀጥለው ወር በዚሁ ዓምድ እናያለን። እስከዚያ ደብተሩን ይዛ ትቆየን፤ ግብር ቢሮም መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው።